ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚቀመጡ ታናናሾቻችንን እንዴት እናግዛቸው?

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «አንድ የሚጠቅም ነገር ተናገሪ፤ ብቻ ምሳ እንዳታዘገዪብን» ብሎኛል። የባቼ ልጆች ስለ ካፌው ወጥና ስለ አናቶሚ ክፍሉ ሽታ እንደማወራ ጠብቀው ነበር። እሱን ለምሳ ሰዓት አቆይቼዋለሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ነው። አትሳቁ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለታናሽ ወንድሙ ሲል የዚህን ፈተና ውጤት እንቅልፍ አጥቶ ያልጠበቀ ጥቂት ነው።

እንደምታውቁት እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የቋንቋ መምህር አይደለሁም። ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ወጣት ሐኪሞችን እናለማምዳለን። ነገሩ የተጀመረው ራውንድ ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ከሚመጣ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሚያፍሩበት ምክንያት አላቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ ሕክምናን ያህል ነገር በእንግሊዝኛ የጨረሰ ሰው «እንግሊዝኛ ወደቅሁ» ማለት ይከብደዋል። ታዲያ ለምን ይወድቃል? ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው በዋናነት ይህንን ነው፤ መልሱን ካወቅን ምን ማገዝ እንዳለብንም እናውቃለን።

አስቀድሜ ፈተናዎቹን ለማያውቋቸው ላስተዋውቅ። ሐኪሞቻችን በብዛት የሚቀመጡባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ አይኤልትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ሲሆን ባለቤቶቹ ብሪቲሽ ካውንስል፣ አይዲፒ እና ካምብሪጅ ናቸው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ ውጤቱ እስከ 9 ድረስ በግማሽ ነጥብ እየተከፈለ ይሰጣል። ሁለተኛው ኦኢቲ ነው። ይህ አውስትራሊያ ውስጥ ለጤና ባለሙያዎች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ዛሬ 12 የጤና ሙያዎችን ያስተናግዳል፤ ሐኪሙ እንደ ሐኪም፣ ነርሷም እንደ ነርስ ይጽፋሉ፣ ይናገራሉ። ውጤቱ እስከ 500 ሲሆን 350 የደረሰ ተፈታኝ «ቢ» አገኘ ይባላል።

የእንግሊዝ ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል ሐኪም ለመመዝገብ በአይኤልትስ አካዳሚክ በአጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ7 ያላነሰ ይጠይቃል። በኦኢቲ ከሆነ በአራቱም ክፍሎች «ቢ»። ይህንንም በአንድ ዙር ፈተና ነው የሚፈልገው፤ የመስከረሙን ማንበብ ከጥሩ መናገር ጋር አጣብቆ ማቅረብ አይቻልም። በአሜሪካ በኩል ደግሞ፣ ሐኪሙ ከታካሚ ጋር ሲነጋገር የሚመዘንበት ስቴፕ 2 ሲኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 መቅረቱ ከታወጀ ወዲህ፣ ኢሲኤፍኤምጂ የውጭ ተመራቂዎችን የመግባባት ችሎታ የሚያየው በኦኢቲ ሜዲስን ነው። ደግሞ ፈተናው ለስደት ብቻ የሚወሰድ እንዳይመስላችሁ። ለማስተርስ፣ ለፌሎሺፕ፣ ተምሮ ለመመለስም ይጠየቃል። እኔ ራሴ አይኤልትስ የተቀመጥኩት ለንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ወጥቼ ለመመለስ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ከእኛ ጋር ለመለማመድ መጣ። ማንበብ 8፣ መጻፍ 6.5። እንደገና ተቀመጠ፤ ማንበብ 8.5፣ መጻፍ አሁንም 6.5። ይህ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም ልንል ነው? አይደለም። የእኛ እንግሊዝኛ የወረቀት እንግሊዝኛ ነው። ታካሚውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ እንጠይቀዋለን፤ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በመካከሉ ያለውን ድልድይ በቀን መቶ ጊዜ እንሻገረዋለን፤ ግን የምንሻገረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሴትየዋ «ዶክተር፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆረጣል፣ ሌሊት ደግሞ ያፍነኛል» ትላለች፤ እኛ በሁለት የግሪክ ቃል ከተን እንዘጋዋለን። የእንግሊዝን ገበሬ ግን «ዲስፕኒያ አለህ ወይ?» ብለን አንጠይቀውም። እሱም የሚያወራው እንደ እኛ እናቶች ነው፤ ደረቴ ጠበበኝ፣ እግሬ ከበደኝ፣ ደክሞኛል ነው የሚለው። ይህንን የኩሽና እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረንም፤ መጽሐፋችን ውስጥም የለም።

ኦኢቲ የሚፈትነው ይህንኑ ነው። በመናገር ክፍሉ ሁለት የተግባር ጭውውቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ፤ ከዚያ በፊት ካርዱን አንብቦ ለመዘጋጀት ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። አንድ ሰው ታካሚ ወይም የታካሚ ቤተሰብ ሆኖ ይቀርባል። ይፈራል፣ ይቆጣል፣ «መድኃኒቱን አልውጥም» ይላል። እዚህ ላይ የሕክምና ዕውቀት አይታረምም። የሚታረመው አነጋገርህ ይሰማል ወይ፣ ይፈሳል ወይ፣ ለሰውየው የሚመጥን ነው ወይ የሚለው ነው። ከዚያም በላይ ታካሚውን ሰማኸው ወይ? የሚያስጨንቀውን ጠየቅኸው ወይ? ያስረዳኸው ገብቶት እንደሆነ አረጋገጥክ ወይ?

አንድ በጣም ጎበዝ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለማመድ፣ እንባዋ የመጣውን «ታካሚ» አቋርጦ ስለ አኔስቴዥያ ዓይነቶች አራት ደቂቃ አስረዳት። እንግሊዝኛው እንከን አልነበረውም። ታካሚ ሆና የተጫወተችው ባልደረባችን ሲጨርስ «ወንድሜ፣ እኔ የፈራሁት ልጆቼን ማን ያይልኛል ብዬ ነው» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ጥያቄው «ከሁሉም በላይ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» የሚል ነበር።

የመጻፍ ክፍሉም እንዲሁ ነው። 5 ደቂቃ ለንባብ፣ 40 ደቂቃ ለመጻፍ። የታካሚ ማስታወሻ ይሰጥና የሪፈር ወይም የዲስቻርጅ ደብዳቤ ጻፍ ይባላል፤ ከ180 እስከ 200 ቃላት ያህል። ማስታወሻው ውስጥ ለተቀባዩ የማይጠቅም ነገር ሆን ተብሎ ተሰግስጓል። የእኛ ሰው ደግሞ ሲኒየር እንዳይቆጣው ሁሉንም መጻፍ ለምዷል፤ ያውም በምህጻረ ቃል! ደብዳቤው ለማን እንደሚሄድና ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አይገኝም። እንግዲህ አስቡት፤ በየጤና ጣቢያው የምንጽፈው ሪፈርስ ከዚህ ይለያል? ተቀባዩ ሆስፒታል ወረቀቱን አገላብጦ «ለምን ላኩት?» የሚለው ስንት ጊዜ ነው?

ስለዚህ ታናናሾቻችን የጎደላቸው ተጨማሪ የሰዋስው መጽሐፍ አይደለም። የጎደላቸው የሚያነጋግራቸው ሰው፣ የጻፉትን የሚያርምላቸው ሰው፣ ከጅምሩም ትክክለኛውን መረጃ የሚሰጣቸው ሰው ነው። ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የእኛን ሰዓት የሚጠይቅ እርዳታ ነው።

በመረጃው ልጀምር። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ነው። ልጁ ፈተናውን ይከፍላል፣ ይቀመጣል፣ ያልፋል፤ ከዚያ የሚያመለክትበት ተቋም የሚፈልገው ሌላ ፈተና ወይም ሌላ ነጥብ ሆኖ ይገኛል። ወይም ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል። የአይኤልትስም የኦኢቲም ውጤት በአብዛኛው የሚታየው ለሁለት ዓመት ነው። ሰነድ ማረጋገጫው፣ የሙያ ፈተናው፣ ቪዛው ሲጓተት ሁለት ዓመት እንደ ጭስ ይበናል። እኔ የምላቸው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ የምታመለክትበትን ተቋም ድረ ገጽ አንብብ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር፤ ከዚያ ተመዝገብ። አይኤልትስ አሁን በኮምፒውተር ለተፈተነ ሰው አንዱን ክፍል ብቻ ደግሞ የመውሰድ ዕድል በአንዳንድ ቦታ ይሰጣል፤ ኦኢቲም ከቤት የሚወሰድበት መንገድ አለው። ሁሉም ተቋም ግን ሁለቱን አይቀበልም። ሳይጠይቁ መክፈል ገደል ነው።

ከውጤት በኋላም መብት አለ። በአይኤልትስ ውጤቱ ያልተዋጠለት ተፈታኝ ከፈተናው ቀን አንሥቶ ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ እንደገና እንዲታረምለት ማመልከት ይችላል፤ ይከፍልበታል፤ ነጥቡ ከተለወጠ ገንዘቡ ይመለስለታል። ማየት ወይም መስማት ለሚቸገር ተፈታኝ ደግሞ ትልልቅ ፊደል፣ ብሬል፣ ተጨማሪ ሰዓት የመሳሰሉ ዝግጅቶች አሉ። ግን ቀድሞ ማሳወቅ፣ የሐኪም ማስረጃም ማያያዝ ያስፈልጋል። ማስረጃውን የምንጽፈው እኛ ነን፤ እንወቀው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ኦኢቲ በመቶዎች የሚቆጠር የአውስትራሊያ ዶላር ያስከፍላል፤ ለጀማሪ ሐኪም ከወር ደመወዙ በላይ ነው። ክፍያው በኦንላይን ስለሆነ ብር ያለውም ሰው የውጭ ካርድ ፍለጋ ዘመድ ያስቸግራል። በዚህ ጭንቀት መሃል ነው እንግዲህ «የወጣ ፈተና አለኝ»፣ «ሳትፈተን ውጤት አወጣልሃለሁ» የሚሉ ሰዎች በቴሌግራም የሚመጡት። እባካችሁ ይህንን ለሁሉም ንገሩልን፦ ተቀባይ ተቋማት ውጤቱን በቀጥታ ከፈተናው ባለቤቶች ያጣራሉ። የተጭበረበረ ወረቀት የሚያቃጥለው የከፈሉትን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሐኪሙን ስም ነው። ስም ከጠፋ ደግሞ በድጋሚ ፈተና አይገኝም።

ሦስተኛው ስለ ፈተና ማዕከላት ነው። ስለ ተፈታኝ እንጂ ስለ ማዕከል የሚያስብ የለም። ማዕከል የሚያስተምር ቦታ አይደለም፤ ነጥብም አይሰጥም። ሥራው ፓስፖርት ማየት፣ ወንበር ማራራቅ፣ ድምፁ ለሁሉም እኩል እንዲሰማ ማድረግ፣ ምሥጢር መጠበቅ ነው። ቀላል ይመስላል። ማዳመጫው ግን የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ፣ በር ቢንኳኳ፣ ጎረቤት ብየዳ ቢጀምር የሰው የዓመት ድካም አደጋ ላይ ይወድቃል። አስተባባሪዎቹ እንቅልፍ የሚያጡት በዚህ ነው። ደንብ ሲያጠብቁ «ከፉ» የምንላቸው ሰዎች የሚጠብቁልን የውጤቱን ክብር ነው፤ ማዕከሉ ካልታመነ የእኛ ልጆች 7.5 አይታመንም።

ከክልል የሚመጣ ተፈታኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። ዱቲ አስቀይሮ፣ ሌሊት ተጉዞ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ለፈተና ይቀመጣል። እናንተ ከሠላሳ ስድስት ሰዓት ዱቲ በኋላ አማርኛስ በቅጡ ትናገራላችሁ?

እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲያችን አቅም አለው ብዬ አምናለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በየግቢያቸው አሳድረው፣ አብልተው አስፈትነዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማለትም የኮምፒውተር ክፍሉ፣ ፈታኙ፣ ጄኔሬተሩ፣ ልምዱም አለ። ግቢያችን ለዓለም አቀፍ ፈተና ቦታ መሆን ይችል እንደሆነ ባለቤቶቹን መጠየቅ እንችላለን። ፈቃዱ የእነሱ ነው፤ የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ሆኖም ጸጥ ያለ ክፍል፣ የማይቆራረጥ መብራትና ኔትወርክ፣ የሠለጠነ ሰው አዘጋጅቶ መጠየቅና ባዶ እጅን ይዞ መጠየቅ አንድ አይደለም። ያ እስኪሆን ቢያንስ ለልምምድ ፈተና ክፍሉን ቅዳሜ መክፈት እንችላለን።

አሁን ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣው። በጣም የማከብራቸው መምህሬ፣ ይህንን ሥራ እንደምሠራ ሲሰሙ፣ «አንቺ! ልጆቹን አሠልጥነሽ ልትሸኝልን ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። እኔም የዱቲ ፕሮግራም የማወጣ ሰው ነኝ። ስም የሌለበትን ሣጥን ማን እንደሚሞላው አውቃለሁ፤ የቀረነው ነን የምንሞላው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎች ቅጥር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። በ2023 ባወጣው፣ የሰው ኃይል እጥረታቸው የከፋ 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ አለች። ሀብታም አገሮች ከእነዚህ አገሮች በዘመቻ መጥተው እንዳይመለምሉ ይመከራል። ሐኪሙ በራሱ ፈቃድ ማመልከቱን ግን ደንቡ አይከለክልም።

ለመምህሬ የመለስኩት ይህንን ነው። ሰው የሚሄደው ፈተና ስላለ አይደለም፤ የሚቀረውም ፈተና ስለወደቀ አይደለም። ሦስት ጊዜ ወድቆ፣ ያጠራቀመውን ጨርሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ዋርድ የሚገባ ሐኪም ለታካሚው ምን ይተርፈዋል? ሐኪሙን የሚያቆየው ደመወዙ፣ የሥራ ቦታው፣ ክብሩ ነው፤ እሱ ላይ ሌላ ትግል አለብን፣ እንታገል። የልጁን በር በእንግሊዝኛ መዝጋት ግን ትግል አይደለም። ደግሞም ቅዳሜ የሚለማመዱት አብዛኞቹ ሰኞ ጠዋት እዚሁ ናቸው። ታካሚን ሳያቋርጡ መስማት፣ የሚያሳስበውን መጠየቅ፣ አጭርና ግልጽ ሪፈር መጻፍ፣ ይህ ሁሉ በአማርኛም ይሠራል። ያ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ዛሬ ከኦፕሬሽን በፊት የእኛን እናቶች «እማማ፣ በጣም የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» ይላቸዋል። መምህሬ ይህንን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ሪፈሩን እኔ አርምላቸዋለሁ» አሉ። እያረሙልንም ነው። ጥያቄያቸውን ግን አልተዉትም፤ እኔም እንዲተዉት አልፈልግም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ የምለምነው ሦስት ነገር ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ድምፃችሁን ስጡን። በቴሌግራም ታካሚ ሁኑልን፤ ተቆጡ፣ አልቅሱ፣ መድኃኒት እምቢ በሉ። እናንተ በየቀኑ የምትሰሙትን የታካሚ እንግሊዝኛ ከእናንተ የተሻለ የሚያመጣልን የለም። ያለፋችሁም «አለፍኩ» ብላችሁ ከግሩፑ አትውጡ፤ ያለፈ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰው ያለማምድ።

እዚህ ያላችሁ፣ የዱቲ ፕሮግራም የምታወጡ ኃላፊዎች፣ ልጁ የፈተና ቀኑን አስቀድሞ ሲነግራችሁ ከፈተናው በፊት ያለችውን ሌሊት ልቀቁት። እሱም በምትኩ ሌላ ሌሊት ይሥራ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ማኅበራችን ደግሞ አነስተኛ የብድር ፈንድ ያቋቁም። ስጦታ አላልኩም፤ ብድር። የፈተናውን ክፍያ የውጭ ካርድ ያለው አባል ይክፈል፤ ልጁ በብር ቀስ እያለ ወደ ፈንዱ ይመልስ፤ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ይለፍ። እቁብ የለመደ ሕዝብ ይህንን ማስተዳደር አያቅተውም። ከዚሁ ጋር የግቢያችንን ክፍል ለልምምድ እንዲያስፈቅዱልን፣ ስለ ማዕከሉም ደብዳቤ እንዲጽፉልን አመራሮቻችንን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መመዝገቢያ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁን፣ ያላችሁበትን አገርና የሚመቻችሁን ሰዓት ጻፉ። የሰዓት ልዩነቱን እኛ እናሰላለን፤ እናንተ ብቻ ቃላችሁን ጠብቁ። ወረቀቱን ሳይሞላ ወደ ምሳ የሚያልፍ የባቼ ልጅ ካለ፣ የአናቶሚውን ታሪክ ስሙን ጠርቼ ነው የማወራው።